አፍንጫው ለተዘጋ ሰው አራት መድኃኒት? በጉንፋንና በሳል ድብልቅ መድኃኒቶች ላይ የተነሳ ውይይት

መነሻ ጽሑፍ

ጥያቄዬ ቀላል ናት። አፍንጫው ብቻ የተዘጋ ሰው ለትኩሳት፣ ለማስነጠስ፣ ለራስ ምታትና ለድካም የሚሆነውን ሁሉ አብሮ የሚውጠው ለምንድን ነው?

እኔ የምሠራው ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው። ብርዱ ጠንከር ሲል፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ፣ ከሚመጣው ሰው ብዙው ጉንፋን የያዘው ነው። ጥያቄውም አንድ ዓይነት ነው፤ ሁሉን ባንዴ የሚያጠፋ፣ ጠንካራ የሚባለውን ኪኒን። አንዳንዱ ስሙን እንኳ አያውቀውም። የሳጥኑን ቀለም ነው የሚነግረኝ።

እስቲ ሳጥኑን ገልበጥ አድርጋችሁ ጀርባውን አንብቡት። በደቃቅ ፊደል እያንዳንዱ ኪኒን የያዘው ይዘረዘራል። ብዙ ጊዜ እጄ የሚገባው ድብልቅ ይህን ይመስላል፦ ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም፣ ፌኒሌፍሪን 10 ሚሊግራም፣ ክሎርፌኒራሚን 2 ሚሊግራም፣ ካፌይን 30 ሚሊግራም። ፓራሲታሞሉ ለትኩሳትና ለራስ ምታት ነው። ፌኒሌፍሪኑ የአፍንጫን የደም ሥሮች አጥብቦ እብጠቱን ይቀንሳል ተብሎ የገባ ነው። ክሎርፌኒራሚኑ ማስነጠስን ያስታግሳል፣ የሚወርደውን ንፍጥ ያደርቃል፣ እንቅልፍም ያመጣል። ካፌይኑ ቡናችን ውስጥ ያለው ያው ነው።

ሽሮፑም ከዚህ አይሻልም። ዴክስትሮሜቶርፋን ሳልን ያፍናል። ጓይፌኔሲንና ብሮምሄክሲን ደግሞ አክታን አቅጥነው እንዲወጣ ያደርጋሉ። ሁለቱንም ባንድ ጠርሙስ የያዘ ሽሮፕ አለ። አክታው እንዲወጣ አቅጥነን፣ የሚያወጣውን ሳል ደግሞ አፍነን ምን ልናገኝ ነው?

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ፓራሲታሞሉ ነው። ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም። ባለ 500 ሚሊግራሙ ከሆነ ስምንት ፍሬ ማለት ነው። የጉንፋኑን ኪኒን ሁለት ሁለት እያደረገ በቀን አራት ጊዜ የወሰደ ሰው እዚያው ጣሪያው ላይ ደርሷል። ራሱን ስላመመው ብቻ ሌላ ፓራሲታሞል ሲደርብበት አለፈ። ጉበት ደግሞ ሲጎዳ ወዲያው አይናገርም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፦ የሚያስቸግራችሁን አንድ ነገር ለዩና ለእሱ የሚሆነውን ብቻ ውሰዱ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ይህን ለጠፍኩ። መልሱ እየተከታተለ መጣ። ዋና ዋናውን በቁጥሩ ቅደም ተከተል እነሆ፤ መንገድ የሳተውንም አልተውኩትም።

1ኛ መልስ

የመጀመሪያዋ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ላይ የምትሠራ ልጅ ናት። በትህትና አመስግና ነው የጀመረችው። ማታ ፈረቃ ልትገባ ስትል ድብልቁን ኪኒን ውጣ፣ ማሽኑ ላይ እንደተቀመጠች ዓይኗ ይከደን እንደነበር ጻፈች። የሥራ ጓደኞቿ ጉንፋኑ ነው ያደከማት ብለዋል፤ እሷም አምናለች። ክሎርፌኒራሚን የሚለውን ስም ከሳጥኑ ጀርባ ያየችው ጽሑፉን ካነበበች በኋላ ነው። የስፌት ማሽን መርፌ ጣት አጠገብ ምን ያህል እንደሚፈጥን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

2ኛ መልስ

ፒያሳ ሱቅ ያላቸው አንድ ነጋዴ አልተስማሙም። ሦስት ዓይነት መድኃኒት ለየብቻ ከመግዛት አንዱን ድብልቅ መግዛት ለኪስ እንደሚሻል፣ ሰውም ሱቁን ዘግቶ ስለ ንጥረ ነገር ሲያጠና የሚውልበት ጊዜ እንደሌለው ገለጹ። እሳቸው ሁሌ ይህንኑ ወስደው በጥቂት ቀን ቀና እንደሚሉም ጨመሩ። የዋጋው ነገር ሐቅ አለው። ኑሮ በከበደበት ጊዜ ሰው ሁለቴ ገንዘብ ማውጣት አይፈልግም።

3ኛ መልስ

ይሄኛው ለነጋዴው ነው። ቃሉ ትንሽ ሸካራ ቢሆንም ፍሬ ነገሩ ልክ ነው። ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ አብዛኛው ሰው መድኃኒት ወሰደም አልወሰደ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይሻለዋል። ስለዚህ በመጨረሻ ላይ የተዋጠው ኪኒን ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል። ዋጋ ከሆነ ጭንቀታቸው፣ ከመድኃኒት ቤት ሁሉ ርካሹ ተራው ፓራሲታሞል እንደሆነም አስታወሳቸው። አንቱታውን መጠበቅ ነበረበት፤ ነጋዴውም ይህንኑ በሁለት መስመር ነግረውታል።

4ኛ መልስ

ይህ ረጅም ነው፤ እኔም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሸዋ በር አካባቢ የሚኖር ልጅ ስለ አባቱ ነው የጻፈው። አባቱ በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ የፕሮስቴት እብጠትም አለባቸው። ጉንፋን ሲይዛቸው ጎረቤት ከቤቱ የተረፈውን ድብልቅ ኪኒን ሰጣቸው። ማታ ሁለት ዋጡ፣ ጠዋት ደገሙ። ከሰዓት በኋላ ሽንታቸው ጭራሽ ቆመ። ሽንት ቤት ይመላለሳሉ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ሆዳቸው ከእምብርት በታች ተወጠረ። እሳቸው ሲያፍሩ፣ ልጆቹም ብርድ ነው ሲሉ መሸ። በመጨረሻ ሆስፒታል ተወስደው በቱቦ ነው የተገላገሉት። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው ምን መድኃኒት እንደወሰዱ ነበር። ልጁ ባዶውን ፓኬት ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ሐኪሙም አንብቦ ምክንያቱን እዚያው ነገራቸው።

5ኛ መልስ

አንዲት ነርስ ለ4ኛው ጸሐፊ አብሽር፣ አባትህንም አላህ ይማርልን ብላ ጀመረች። ከዚያ የሆነውን አብራራች። ክሎርፌኒራሚን የፊኛን ጡንቻ ያሰንፋል። እንደ ሱዶኤፌድሪን ያሉት አፍንጫ ከፋቾች ደግሞ የሽንቱን መውጫ ያጠብባሉ። ፕሮስቴቱ ያበጠ ሰው ላይ ሁለቱ ሲገናኙ በሩ ይዘጋል። የዓይን ግፊት ያለባቸውም እንዲጠነቀቁ አሳሰበች።

ደም ግፊት ላይ ስትደርስ ጠበቅ አደረገችው። ሱዶኤፌድሪን አፍንጫን በእርግጥ ይከፍታል፤ ግን የሚያጠብበው የአፍንጫን ደም ሥር ብቻ አይደለም። ግፊት ይጨምራል፣ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ቀጥላም በእኛ አገር ሳይነሳ የሚታለፈውን ነገር አነሳች። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ራሱ ልብ የሚያስመታና ግፊት የሚጨምር ነው። ጠዋት ይህን ኪኒን ውጦ ከሰዓት በርጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁለቱን ጫና እየደራረበ ነው።

ከ6ኛው እስከ 8ኛው

እዚህ ላይ ነገሩ ጦፈ። 6ኛው ስለ ጫት የተነሳው እንደ ስድብ ሆኖበት ወሎን ለማሳነስ ነው አለ። 7ኛው ደግሞ ጫት መቃምን በጅምላ አወገዘ። 8ኛዋ ሁለቱንም ገሠጸች። ነርሷ የተናገረችው ስለ ልብና ስለ ደም ሥር እንጂ ስለ ማንም ጠባይ አልነበረም። ጫት የሚቅም ሰው መድኃኒት ሊገዛ ሲመጣ ቢነግረን የሚስማማውን መርጠን እንሰጠዋለን። የምንፈልገው ይህን ብቻ ነው።

9ኛ መልስ

የፋርማሲ ትምህርት የሚያስተምሩ አንድ ሰው ገቡና ውይይቱን ወደ ቦታው መለሱት። የጻፉት ስለ ፌኒሌፍሪን ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አማካሪዎች ተሰብስበው ማስረጃውን መረመሩ። አሥራ ስድስቱም በአንድ ድምፅ በአፍ የሚወሰደው ፌኒሌፍሪን በተለመደው መጠን የተዘጋ አፍንጫ ይከፍታል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም አሉ። በኅዳር 2024 ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ከአፍንጫ ከፋችነት ዝርዝር እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበ። ምክንያቱ ጎጂ ሆኖ ስለተገኘ አይደለም። ሲዋጥ አብዛኛው አንጀትና ጉበት ውስጥ ይሰባበርና አፍንጫ ዘንድ የሚደርሰው ኢምንት ስለሚሆን ነው። በቀጥታ አፍንጫ ውስጥ የሚጨመረው ግን ይሠራል።

ታዲያ ለምን በየኪኒኑ ገባ? አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2006 ሱዶኤፌድሪንን ከመደርደሪያ አንስተው ከባንኮኒ ጀርባ አስቀመጡት፤ ሜታምፌታሚን የሚባለው አደንዛዥ ዕፅ ከሱ ስለሚሠራ። አምራቾቹም ያለ ገደብ የሚሸጠውን ፌኒሌፍሪን በቦታው ተኩ። እኛ ጋ የሚደርሰው የሳጥን ጀርባ ዝርዝርም የዚህ ታሪክ አሻራ አለበት።

10ኛ እና 11ኛ

10ኛው በቁጣ ነው የጻፈው። የማይሠራ መሆኑ ከታወቀ መድኃኒት ቤቶች እስካሁን የሚሸጡት ለትርፍ ሲሉ አይደለም ወይ፣ እኔስ ራሴ ስንት ሳጥን ሸጫለሁ ሲል ጠየቀ። 11ኛው የእኔ መልስ ነው። ድብልቁ ውስጥ ያለው ፓራሲታሞል ይሠራል፣ ሰውም በሱ ቀለል ይለዋል፤ በሕጋዊ መንገድ ተመዝግቦ የገባ መድኃኒትም ነው። እኔ ግን አፍንጫዬ ተዘጋ ብሎ ለመጣ ሰው ሌላ የሚሻል ነገር እንዳለ ነግሬ፣ ምርጫውን ለሱ እተዋለሁ። ጠንካራውን ስጠኝ ብሎ የሚቆጣ አለ፤ ሰምቶ የሚያመሰግንም አለ። ቁጣው ግን አይከፋኝም። ሰው ለገዛው ነገር ምክንያት መጠየቅ አለበት።

12ኛ መልስ

ከሰኞ ገበያ የጻፈች እናት ናት። የሦስት ዓመት ልጇ ሌሊቱን ሲያስል ያድራል። አክስቱ ለትልልቆቹ የተገዛውን ሽሮፕ በሾርባ ማንኪያ ግማሽ ሰጥታው፣ ልጁ ጠዋት ሲቀሰቅሱት አልነቃ ብሎ አስደንግጧቸዋል። በኋላ ደህና ሆኗል። ታዲያ ስንት ልስጠው ነው ጥያቄዋ።

ለዚህች እናት ብዙ ሰው ነው የመለሰላት። የኔን በሙሉ ላስፍር፦ እህቴ፣ ምንም አትስጪው። የእንግሊዝ መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2009 እነዚህ የሳልና የጉንፋን መድኃኒቶች ከ6 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ ወስኗል። አሜሪካ ውስጥም ማሸጊያው ላይ ከ4 ዓመት በታች እንዳይሰጥ ይጻፋል። ትንንሾች ላይ ጥቅማቸው አልታየም፤ ጉዳታቸው ግን ታይቷል። አፍንጫው ከተዘጋ የጨው ውሃ ጠብታ አለ፤ ከመድኃኒት ቤት ይገኛል። ከመብላቱና ከመተኛቱ በፊት ጠብ እያደረግሽ ንፍጡን ጥረጊለት። ትኩሳት ካለው በክብደቱ ልክ የተለካ ፓራሲታሞል። ዓመት ስላለፈው ማታ ማታ ትንሽ ማር ይቻላል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ጭራሽ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

መለኪያውም ሌላ ጉድ ነው። የቤት ማንኪያ መለኪያ አይደለም። አንዱ ቤት ያለው ማንኪያ ከሌላው ቤት ይሰፋል። ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣ ክዳን ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አለ፤ በሚሊሊትር ተሰምሮበታል። ከጠፋባችሁ መጥታችሁ ጠይቁን።

13ኛ መልስ

በጤና ኤክስቴንሽን የሠራች ሴት ለ12ኛዋ እናት የጨመረችው ከኔ መልስ ይበልጣል። ዋናው ጥያቄ ሳሉ ሳይሆን ትንፋሹ ነው። ልጁ ሳያለቅስ፣ ተረጋግቶ ሳለ ልብሱን ከፍ አድርጎ ደረቱን እያዩ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር። ከሁለት ወር እስከ ዓመት ድረስ ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ ወደ ጤና ጣቢያ። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ከደከመና አልነቃ ካለ ሰዓት አይሰጠውም። ሽሮፕ እየቀያየሩ ቤት መቀመጥ ልጅ ያሳጣል። ይህን መልስ ብዙ ሰው ለሌላ እንዳጋራው አይቻለሁ። ደስ ብሎኛል።

14ኛ እና 15ኛ

14ኛው ከውጭ አገር ዘመድ የላከለት ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ቤቱ እንዳለ፣ ለልጆቹም ይሆን እንደሆነ ጠየቀ። 15ኛው መልስ ከ9ኛው ጸሐፊ የመጣ ነው፤ ከመልሶቹ ሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ኮዴይን ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ሞርፊን ይለወጣል። የሚለውጠው ጉበት ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው። አንዳንድ ሰው የዚህን ኢንዛይም ዘረመል ከተለመደው በላይ ቅጂ ይዞ ይወለዳል። ኮዴይኑንም በፍጥነትና በብዛት ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ካያቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው እንዲህ ዓይነት ተደራራቢ ዘረመል እንዳላቸው አግኝቷል። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ከታየው እጅግ የላቀ ነው። ልጅ ላይ ይህ ማለት ትንፋሽ ሊቆም ይችላል ማለት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ከልክላለች።

ሌላው አገር ላይ ጥቂቶችን የሚመለከት ማስጠንቀቂያ እኛን በብዛት ይመለከተናል። ለዘመድ የሚላክ ሻንጣ ውስጥ የሳል ሽሮፕ አትክተቱ።

ከ16ኛው እስከ 18ኛው

16ኛው የጋምቢያን ነገር አነሳ። እ.ኤ.አ. በ2022 እዚያ ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ ጠጥተው በኩላሊት ጉዳት ሞቱ። የዓለም ጤና ድርጅትም በጥቅምት 2022 ማስጠንቀቂያ አወጣ። በዚያው ዓመት ኢንዶኔዥያና ኡዝቤኪስታንም ተመሳሳይ ሐዘን ደረሰ። ጸሐፊው ከዚህ ተነስቶ ሽሮፕ ሁሉ መርዝ ነው፣ ፋብሪካዎቹም አውቀው ነው የሚያደርጉት የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። 17ኛው እሱን ደግፎ መድኃኒት ቤት ሁሉ ይዘጋ አለ።

18ኛዋ ረጋ ብላ አረመቻቸው። ሕፃናቱን የገደለው የሳሉ መድኃኒት ራሱ አልነበረም። ሽሮፑ ውስጥ የተገኙት ዳይኢትሊን ግላይኮልና ኢትሊን ግላይኮል ናቸው፤ የመኪና ራዲያተር ውሃ እንዳይረጋ የሚጨመር ዓይነት ኬሚካል። ለሽሮፕ ማሟሚያ የሚሆነው ንጹሕ ፈሳሽ በእነዚህ ሲበከል ወይም ሲተካ፣ ፋብሪካውም ሳይመረምር ሲያልፈው ነው ጥፋቱ የሚመጣው። የሷ ምክር አጭር ነው። ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ግዙ፣ የመለያ ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ተመልከቱ፣ ከገበያ መሬት ላይ የተዘረጋ ሽሮፕ አትግዙ። ልጅ ሽሮፕ ወስዶ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ከቆመ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሆስፒታል ሩጡ። እኔ የምጨምረው ጠርሙሱን አትጣሉት የሚለውን ነው። ለምርመራ የሚፈለገው እሱ ነው።

ከ19ኛው እስከ 24ኛው

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ጓዳ ገባ። 19ኛዋ እትዬ የጦስኝ ሻይ በማር፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እያለ ኪኒን የሚያስሮጠን ምን እንደሆነ ጠየቁ። 20ኛው ዳማከሴ አሽቶ ማሽተትን አነሳ። 21ኛው ይህ ሁሉ ኋላቀርነት ነው ብሎ ሰደበ፤ በየተራ ገቡበት። እኔ ከእትዬ ጋር ነኝ። ትኩስ ነገር ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ማርም ሌሊት ሳል ላይ እንደሚያግዝ በጥናት ታይቷል። ሻዩን የሚከለክል ሐኪም የለም። አንድ ነገር ብቻ፦ ባሕር ዛፍ አፍልቶ መታጠን ለልጅ አይደረግ። የፈላ ድስት ላይ ፎጣ ተከናንቦ የተቀመጠ ልጅ አንዴ ቢወራጭ ቃጠሎው ከጉንፋኑ ይከፋል።

22ኛው የላስታ ማር ነው የምትሉት ስኳር የተቀላቀለበት ነው ብሎ ገበያውን አማ። 23ኛው ደሴና ኮምቦልቻን አወዳደረ። በሐረጎ ቁልቁል ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ሲወርድ ጃኬቱን እንደሚያወልቅ፣ ሲመለስ ላቡ ላይ ብርድ እንደሚመታውና ጉንፋኑ ከዚያ እንደሚመጣ ነው የሚያምነው። የኮምቦልቻዋ የስፌት ሠራተኛ ተመልሳ መጥታ፣ ጉንፋን የሚይዘው ከሰው ወደ ሰው ነው፣ የታጨቀና መስኮቱ የተዘጋ ሚኒባስ ይበቃል አለችው። 24ኛው አያቱ ይነግሩት የነበረውን የኅዳር በሽታ አስታወሰ። በ1911 ዓ.ም. የገባው ወረርሽኝ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ኅዳር 12 ቆሻሻ የሚታጠነውም ከዚያ ተያይዞ ነው። ቀጥሎ ግን ያ ጭስ ዛሬ አስም ያለባቸውን ልጆቹን እንደሚያሳምም ጻፈ። እውነት ነው፤ በዚያ ሰሞን የአስም መንፊያ ፈላጊው ይበዛል።

25ኛ መልስ

አንዲት መምህርት እናታቸው ለወራት ደረቅ ሳል ይዟቸው የሳል ሽሮፕ በየዓይነቱ እንደጨረሱ ጻፉ። ጸበልም ሄደዋል። በመጨረሻ አንድ ፋርማሲስት ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ ጠየቃቸው። ለግፊት ኢናላፕሪል ይወስዱ ነበር። ይህ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሳል ያመጣል። ሐኪማቸው በሌላ ለወጠላቸው፣ ሳሉም በሳምንታት ውስጥ ተወ። መምህርቷ አጥብቀው የጻፉት የግፊቱን መድኃኒት በራስ ማቆም እንደማይገባ ነው። የሚለውጠው ሐኪም ነው። ያቺ አንዲት ጥያቄ ከየባንኮኒው ባትጠፋ ስንት ሽሮፕ ይቀር ነበር።

26ኛ መልስ

ነርሷ ተመለሰች። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የቲቢ ምርመራ እንደሚያስፈልገው አሳሰበች። ማታ ማታ ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ደም ያለበት አክታ ካለ ደግሞ አንድ ቀን አይታደርም። ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። ሽሮፕ ሳሉን አፍኖ ምርመራውን ያዘገያል፤ እስከዚያ ቤት ያለው ሰው ሁሉ አብሮ ይተነፍሰዋል። ለጉንፋን አሞክሳሲሊን የሚገዙትንም ገሠጸች፤ ቫይረስ ላይ አይሠራም።

27ኛ መልስ

2ኛው ጸሐፊ፣ የፒያሳው ነጋዴ፣ ሁሉን አንብበው ተመለሱ። በዋጋው ነገር አሁንም ከአቋማቸው አልተነቃነቁም። ግን ቤታቸው ያለውን ኪኒን ጀርባ አንብበው ለጎረቤታቸው ሽማግሌ መስጠቱን እንደሚተዉ ገለጹ። የ4ኛው ጸሐፊ አባት ታሪክ እንደነካቸው ያስታውቃል።

28ኛ መልስ

ደሴ ኮምቦልቻ የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ቀጥታ ጥያቄ ይዞ መጣ። አፍንጫው ድፍን ብሏል፣ ራሱን ያመዋል፣ ነገ በጉም ሐረጎን ይወርዳል። ምን ይግዛ?

መልሴ፦ ክሎርፌኒራሚን ወይም ዳይፌንሃይድራሚን የሚል ስም ያለበትን ሁሉ ተው፤ መሪ ላይ ያስተኛሃል። ለራስ ምታቱ ተራ ፓራሲታሞል፣ ሁለት ፍሬ፤ ካስፈለገ ስድስት ሰዓት ያህል ቆይተህ መድገም ትችላለህ። ለአፍንጫው መጀመሪያ የጨው ውሃ፤ ካልበቃህ ዛይሎሜታዞሊን የሚባለው የአፍንጫ ጠብታ ወይም ስፕሬይ አለ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታል። ከአምስት ቀን በላይ ግን አትጠቀምበት። ካለፈ አፍንጫው ራሱን ችሎ መከፈት ያቅተውና ከበፊቱ ብሶ ይዘጋል፤ በዚህ ምክንያት ጠብታ ከኪሳቸው የማይለይ ሰዎች አውቃለሁ። ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለብህ ከመግዛትህ በፊት ንገረን። እና የሚኒባሱን መስኮት ትንሽ ክፈተው፣ ተሳፋሪው ቢያጉረመርምም።